ኩባያውና ሁለተኛው ማርሽ

«ወደ ቀኝ ጠምዝዘው! አሁን ደግሞ ወደ ግራ!» አለች መርፌ፣ ዓይኗን ከኩባያው ሳትነቅል።

ቱርቦ ወንበሮቿ በወጡላት መኪና ባዶ ወለል ላይ ተንበርክኮ መሪውን እያሽከረከረ በአፉ የሞተር ድምፅ አሰማ። ይሄ አላረካውም። ወርዶ መኪናዋን በትከሻው ገፋ፣ ለቀቅ፣ ገፋ፣ ለቀቅ አደረጋት። እስከ አፉ በውሃ የተሞላው ኩባያ፣ ከማርሹ ዘንግ ኋላ ወገቡን አቅፎ በያዘው ጥቁር ቆዳ ውስጥ ሆኖ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

«አለቀ! ነገሩ አለቀ!» ብሎ ጮኸ። «አንቺ ልጅ፣ ጭንቅላትሽ በኢንሹራንስ መያዝ አለበት!»

መርፌ የመኪና ወንበር የሚያለብሰው ሰውዬ ልጅ ናት። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ቀጭን ስለሆነችና ሹራቧ ላይ ሁልጊዜ ከአባቷ ሱቅ የመጣ ክር ስለማይጠፋ። መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። መርፌ እንደምትወጋም ከገባቸው በኋላ ግን ስሙን ራሷ ወደደችው። ቱርቦ ደግሞ የክፍል ጓደኛዋ ነው። ስለ መኪና ከሚያውቀው የሚያወራው ይበልጣል፤ ወሬው ስለሚያስቅ ግን ማንም ዋሸህ ብሎት አያውቅም።

መኪናዋ ዝቅ ያለች፣ ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ነች። የሠሯት ሰዎች ስለ ፍጥነቷ ሲጨነቁ ስለ ነጂዋ ጥም ማሰብ ረስተዋል። የመኪናዋ ባለቤት የጥርስ ሐኪም የሆኑ ሴት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን እየጠጡ ነው ሥራ የሚገቡት። ኩባያውን የሚያስቀምጡበት ስለሌላቸው በጉልበታቸው መሐል ያጣብቁታል። ወንበሮቹን ለማስለበስ ሲያመጧት፣ «ቀሚሶቼ ሁሉ የሻይ ካርታ ሆነዋል፤ አንድ መላ አምጡልኝ» አሉ። አባቷ ሳቀ። መርፌ ግን፣ «እኔ እሠራልዎታለሁ» አለች። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች።

የቸኮለችበት ምክንያት ነበራት። በትምህርት ቤቱ የፈጠራ ሥራ ትርዒት አንደኛ የወጣ ተማሪ፣ በየቅዳሜው የሙያ ማሠልጠኛው ውስጥ እየገባ በማሽን መሥራት ይማራል። መርፌ የማሠልጠኛውን ማሽኖች ያየቻቸው ከአጥር ውጭ ሆና፣ በመስኮት ነው። ብረት እንደ ቂጣ ሲቆረጥ አይታ ሳምንት ሙሉ ስለሱ ስታወራ ቤተሰቡን አሰልችታለች። ዶክተሯም ነገሩን ሲሰሙ መኪናዋን ራሳቸው ነድተው ወደ ትርዒቱ ሊያመጡላት ቃል ገቡ።

በማግስቱ የፊዚክስ መምህሩ በዴስኮቹ መሐል እየዞሩ የያንዳንዱን ሥራ ጠየቁ። እኚህ መምህር የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ተማሪን የሚያስታውሱት ፈተና ሲመልሱ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ከመርፌና ከቱርቦ ዴስክ አጠገብ ቆሙ።

«ለስፖርት መኪና ኩባያ መያዣ? ሐሳቡ ጥሩ ነው። እየተነዳች ሞክራችሁታል?»

«በደንብ እንጂ ቲቸር!» አለ ቱርቦ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «በጠመዝማዛው ቁልቁለት ወርደንበታል። ጎማው ሲጮህ እኛ ሻይ እንጠጣ ነበር!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም ሳቁ። «እንዲህ ከሆነማ ነገ እኔ ራሴ ትኩስ ሻይ ይዤ ከዶክተሯ ጎን እቀመጣለሁ። ካልፈሰሰ አንደኝነቱን ከእናንተ የሚወስድ ያለ አይመስለኝም።» የመርፌን ትከሻ መታ መታ አድርገው አለፉ። በዚያ ክፍል ትከሻዋ ሲነካ የመጀመሪያው ነበር። ቱርቦን ማረም ፈለገች፤ ያን እጅ ግን መልሳ ማጣት አልፈለገችም።

«ምን አስዋሸህ?» አለችው በእረፍት ሰዓት።

«ውሸት አይባልም፤ ቀድሞ መናገር ነው። ዞሮ ዞሮ አይፈስም አይደል?»

ይህን ስትሰማ ትንሽ ቀለል አላት። እውነትም ትናንት አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሲደርሱ አባቷ አዲስ ያለበሳቸውን ወንበሮች ቦታቸው መልሶ ብሎኖቹን እያጠበቀ ነበር። በሱ ሱቅ ማንኛውም የመኪና ውስጥ ሥራ የሚጀመረው ወንበር በማውጣት ነው። «ወንበር ሳያወጣ የሚሠራ፣ ካልሲ ሳያወልቅ እግሩን የሚታጠብ ነው» ይላል። ጨርሶ እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ «ግቢና ቁጭ በይበት፤ ስፌቱ ይመች እንደሆነ ንገሪኝ» አላት።

መርፌ ገባች። የስፖርት መኪና ወንበር እንደ ሌላው አይደለም፤ ጎንና ጎኑ ከፍ ብሎ ነጂውን እንደ እናት ያቅፋል። ተደላድላ ኩባያውን በውሃ ሞልታ መያዣው ውስጥ አስቀመጠችና የማርሹን ዘንግ ያዘች። አንደኛ ወደ ፊት ገባ። ደስ አላት። ወደ ሁለተኛ ስትስበው ክርኗ ወደ ኋላ ሄደ፤ የወንበሩ ጎን ወደ ሌላ አቅጣጫ አላስሄደው አለና ክርኗ በቀጥታ ኩባያውን መታ። ውሃው በእጅ ፍሬኑና በሱሪዋ ላይ ተደፋ።

ደግማ ሞከረች። ደግሞ ተደፋ። ክንዷን ከፍ አድርጋ ስትሞክር ደግሞ ሁለተኛው ማርሽ ጭራሽ አልገባ አላት።

ምን እንዳጠፋች ያን ጊዜ ገባት። ሁሉንም የለካችው ወንበሩ ወጥቶ ሳለ ነው። መኪናዋ ውስጥ ሜዳ የሚያክል ቦታ ነበር፤ በዚያ ሜዳ ላይ ግን የተቀመጠ ሰው አልነበረም፣ ክርንም አልነበረም። ወንበር ሲወጣ አይታ ያደገች ልጅ ብቻ የምትሳሳተው ስህተት ነው።

ቱርቦ የረጠበ ሱሪዋን አየ፣ ዘንጉን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ በራ።

«ሰላም ነው! የትምህርት ቤቱ ግቢ ስንት እርምጃ ነው? ማን ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል እዚያ? ዶክተሯ በአንደኛ ብቻ ቀስ ብለው ቢዞሩ ሻዩ አይነካም። ከትርዒቱ በኋላ እናስተካክለዋለን።»

መርፌ የቱርቦን ሐሳብ በልቧ አዞረችው። ልክ ነበር። ያስፈራትም ልክ መሆኑ ነው። በአንደኛ ማርሽ አንድ ዙር፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ቅዳሜና ማሽኖቹ። ዶክተሯ ግን ከግቢው ወጥተው አስፋልት ሲይዙ ሁለተኛ ያስገባሉ፤ ትኩሱ ሻይም ጭናቸው ላይ ይፈሳል።

«አባዬ፣ አይተሃል አይደል?» አለች።

«አይቻለሁ» አለ አባቷ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። «ሥራው ያንቺ ነው። እኔ አፌን ሰፍቼዋለሁ።»

«አንተ ብትሆን ትናገር ነበር?»

አባቷ የስፌት መርፌውን ሸሚዙ ደረት ላይ ሰካና ወደ መንገዱ አየ። «አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ባለመኪናው ሳያይ ስፌቱ ጠሞብኛልና ይቆዩልኝ፣ ላስተካክለው አልኩት። 'ስትሰፋው ዓይንህ የት ነበር?' ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። ያስተካከልኩትን ሲረከብ አመሰግናለሁ እንኳ አላለም። ሰው ሲያመሰግንህ ስምህን ይረሳል፣ ሲወቅስህ እስከ አያትህ ይጠራል። አሁንም በዚህ መንገድ ሲያልፍ እያየኝ እንዳላየ ይሆናል።»

«ታዲያ በመናገርህ ተቆጨህ?»

«እንጃ። አንዳንድ ቀን እቆጫለሁ፣ አንዳንድ ቀን አልቆጭም። ዛሬ የትኛው ቀን እንደሆነ አትጠይቂኝ።»

ይህን እያሉ ዶክተሯ መጡ። በመስኮት ጎንበስ ብለው ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ወይኔ! እንዴት ያምራል! ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። ይሄን ስፌት አንቺ ነሽ የሰፋሽው?»

ቱርቦ መርፌን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ክፉ ክርን! ዛሬ ነገር ሁሉ በክርን ሆነ።

መርፌ ኩባያውን አነሳች፤ ቧንቧው ጋ ሄዳ በቀዝቃዛ ውሃ ሞላችው፤ መልሳ መያዣው ውስጥ አስቀመጠችው። ቁልፉን ለዶክተሯ ሰጠች።

«ዶክተር፣ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ይንዷት» አለች። «በአንደኛ ብቻ ግን አይሂዱ። ሁለተኛ ያስገቡ።»

ቱርቦ ዓይኑን ጨፈነ። መኪናዋ አጓራች፣ ተነሳች፣ ጥቂት ሄደችና ቆመች። ከውስጥ ትንሽ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ወደ ኋላ እየተነዳች መጣች። ዶክተሯ ቀሚሳቸውን በሁለት ጣት ከጭናቸው ላይ አንስተው እንደያዙ ወረዱ።  አባቷ መቀሱን አስቀመጠ።

ዶክተሯ በሳቅ ፈነዱ።

«ሰው አፍ ውስጥ ውሃ ስረጭ የምውል እኔ ነበርኩ! ዛሬ ብድሬን አገኘሁ!» ሳቃቸው ሲበርድ ኩባያውን፣ ዘንጉንና የገዛ ክርናቸውን በየተራ አዩ። «አውቀሽ ነው ሁለተኛ ያስገቡ ያልሽኝ?»

«ከሚያቃጥል ሻይ ቀዝቃዛ ውሃ ይሻላል ብዬ ነው። ስለካ ወንበሩ አልነበረም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ክዳን ያለው ኩባያ ቢገዙስ?» አለ ቱርቦ ቀስ ብሎ።

«ሻይ በፕላስቲክ አፍ አይጠጣም፣ ልጄ። ጥርስ እንኳ ያላግጥብሃል።» ዶክተሯ ወደ መርፌ ዞሩ። «እና የት ይሁን?»

መርፌ መኪናዋን በሌላኛው በር በኩል ገብታ አየቻት። ይህችን መኪና የሚነዳ ሰው አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ማርሽ ላይ ነው፤ ሦስተኛ እጅ የለውም። «ከተሳፋሪው ጉልበት ጎን፣ ከበሩ አጠገብ» አለች። «እየነዱ አይደርሱበትም። መብራት ሲያስቆምዎት ተዘርግተው ያነሱታል።»

«ቆሜ ልጠጣ ማለት ነው።»

«ቆመው ይጠጡ።»

«እናቴም እንደዚሁ ነበር የምትለኝ፤ ረጋ ብለሽ ጠጪ» አሉ ዶክተሯ። «ግን ይሄ ለነገ አይደርስም። ትርዒታችሁስ?»

«አይደርስም» አለች መርፌ። 

«እንግዲያው መኪናዋ እዚሁ ትደር፤ እስክትጨርሺ ድረስ ትቆይ። እኔ በታክሲ እሄዳለሁ። አትቸኩይ።» ሲወጡ ለአባቷ እጃቸውን ዘረጉ። አባቷ የራሱ እጅ ሙጫ ስለነበረበት ክንዱን ሰጣቸው፤ እየሄዱም ረጅም ጊዜ በዓይኑ ሸኛቸው።

መርፌ መብራቱን አበራችና ወንበሩን ሳታወጣ ተጎንብሳ የቆዳውን ስፌት መተርተር ጀመረች። አባቷ አየ፤ ስለ ካልሲው ግን ምንም አላለም። ቱርቦ በሩ ላይ ቆሞ በቦርሳው ማንገቻ ይጫወታል።

«ነገ ቲቸርን ምን እንለዋለን?» አለ።

«አንተ ዝም በል። እኔ 'አልሞከርነውም ነበር' እለዋለሁ።»

«በክፍሉ ፊት?»

«የዋሸነው በክፍሉ ፊት አይደል?»

 ቱርቦ ቦርሳውን አውርዶ ወደ ውስጥ ገባ።

«ጠመዝማዛውን ቁልቁለት የወረድኩት እኔ ነኝ» አለ። «እኔ እናገራለሁ። አንቺ ግን አጠገቤ ቁሚ። ከሳቁብኝ... ማለቴ፣ ይስቃሉ።»

«ይስቃሉ» አለች መርፌ። የቆዳውን ሌላ ጫፍ ሰጠችው። «ወጥረህ ያዝልኝ፤ እንዳይቀደድ።»