ስፌት ቤቴን የበላው ጀልባ

ባሌ ስፌት ቤቴን የወሰደብኝ ለአንድ ወር ብሎ ነው። «ጣውላው እስኪደርቅ ነው፤ ከዚያ ጓሮ አወጣዋለሁ» አለኝ። ጣውላው ደረቀ። ከዚያ ጎድን አወጣ፣ ከዚያ ሆድ አወጣ፣ በመጨረሻ ከበሩ በለጠና ባሌ ግድግዳዬን አፍርሶ ሁለት ተከፋች የእንጨት በር አቆመለት። የስፌት መኪናዬ ኮሪደር ላይ ቀረ። ደንበኞቼ ልብስ የሚለኩት መኝታ ቤቴ ገብተው፣ የባሌን ሱሪ ከአልጋው ላይ ገፋ አድርገው ነበር። ባጉረመረምኩ ቁጥር «አንቺ መርፌሽን ያዢ» ይለኛል። የኔም አፍ ዝም አይልም፤ ጎረቤት እየሰማ «አንድ ቀን ከነጀልባህ አቃጥልሃለሁ» እለው ነበር። ለዓመታት አልኩት። ኋላ ቃሌ ዞሮ እኔኑ ሊያሳስረኝ ደረሰ።

ጀልባው ወደ ሐይቁ ሊወጣ ቀን በተቆረጠለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ እንድለካላት ቀጥራኝ ሄድኩ። ደጇ ላይ ብቆም ብቆም የለችም። ተመለስኩ። የጀልባው ሞተር በተዘጋው በር ውስጥ ይንጫጫል። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ስለሚያስነሳው እኔም ጎረቤቱም ለምደነዋል። ኮሪደሬ ላይ ቁጭ ብዬ ኪስ እየሰፋሁ ረገምኩት። ሞተሩ ነዳጅ ሲጨርስ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ። ባሌን ለሻይ ልጠራው ሄድኩ።

በሩ አልከፈት አለኝ። መቀርቀሪያው አልተቆለፈም፤ ግን የሆነ ነገር ይዞታል። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ስስብ አንዱ ተከፋች ተላቀቀ፤ ከዳሩና ከሥሩ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ጨርቅ እየተጎተተ ወጣ። ጨርቁ ከኔ ቅርጫት የተወሰደ ቁርጥራጭ ነው። ጭሱ ፊቴን መታኝ።

ባሌ የጀልባው ወለል ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ፊቱ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። «ተነሳ አንተ ሰካራም» አልኩት መጀመሪያ። እሱ ሲሞት እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሞተሩን እየረገምኩ ነበር።

የመጣችው መርማሪ አጭር፣ አፍንጫዋ በጉንፋን የቀላ፣ መሀረቧን እጅጌዋ ውስጥ የምትሸጉጥ ሴት ናት። ሬሳውን አይታ አልቆየችም። ጣቷን በጀልባው ጣውላዎች መጋጠሚያ ላይ ቀስ ብላ አስኬደች። ያልተላቀቀውን የበሩን ተከፋች፣ በማጠፊያው በኩል፣ አፍንጫዋ እስኪነካው ተጠግታ አየች። ከዚያ ከሞተሩ ሥር የቆመው በርሜል ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች።

«ይሄ ውሃ ለምንድነው?»

የመለሰችላት ልጄ ናት። ልጄን አባቷ «ካፒቴን» ነው የሚላት፤ እኛም ያንኑ እንላለን። ወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ሬንጅ ስታሸት ያደገች ናት። መርፌ ላስይዛት ስል እጇን ትነጥቀኝ ነበር።

«ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው» አለች ካፒቴን። «እዚህ ስናስነሳው እግሩን በርሜል ውስጥ እንነክረዋለን። ደረቁን ከተነሳ እየጋለ ይሄድና በመጨረሻ ይነክሳል። ሞተ ማለት ነው።»

«ትናንት ግን ደፍቼው ነበር» አለ ቅባት። ቅባት የምንለው መካኒኩን ነው፤ ሞተሩን የገጠመው እሱ ነው፤ እጁም ጫማውም ከዘይት ጠርቶ አያውቅም። «ጀልባው ሊወጣ ነው ብዬ በርሜሉን ባዶ አደረግኩት።»

እኔ ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። «የኔን ውሃ የጨረሰው ታዲያ ይሄ ነው? ቧንቧው ከተዘጋ ሰነበተ። ኩሽናዬ ውስጥ በጀርባዬ ያመጣሁት ውሃ በየጀሪካኑ ነበር፤ አሁን ባዶ ነው። ሬሳ የማጥብበት እንኳ አልተወልኝም።»

መርማሪዋ ተናፈጠችና አየችኝ። «ከምሳ በፊት ሙሉ ነበር?»

«ሳህን ያጠብኩበት ነው። ሙሉ ነበር።»

በማግስቱ ሳሎናችን ተቀምጣ አራታችንን አንድ በአንድ ጠራች። እኔ ቦታዬ ኮሪደር ነው፤ በሩ ስለማይገጥም የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል፣ ግማሹም ይታየኛል። ግድግዳው የፈረሰ ጊዜ የሳሎኑ መስኮትም ከክፈፉ ተላቅቋል፤ ነፋስ ይገባል። የመርማሪዋ ወረቀት በተነሳ ቁጥር ታስነጥሳለች።

የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ነገሩን አላስዋበችውም።

«ጨርቁ የርስዎ ነው እትዬ። ዛቻውም የርስዎ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ቤት የነበሩትም እርስዎ ነዎት። ቀሚስ ልትለካ የነበረችው ሴትዮ አላየኋትም ብላለች። አለቆቼ አስገቢያት እያሉኝ ነው።»

«እኔ ብገድለው ሞተሩ ዕቃዬን ሲያንቀጠቅጥ ቁጭ ብዬ ኪስ እሰፋለሁ?»

«የባሰም አይቻለሁ» አለችና ከጠረጴዛው ላይ እራፊ አንስታ ሰጠችኝ። «እስቲ ይቺን መስኮት ይድፈኑልኝ። በጉንፋን መሞቴ ነው።»

ሊያስሩኝ ነው እየተባልኩ መስኮት ደፈንኩ። እራፊውን እንደ ቅምቅማት እጥፍ አድርጌ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ መልሼ ወሸቅኩት። አምሮ ነበር። እንደወጣሁ መዘዘችው። ይሄ ከክሱ ባልተናነሰ አናደደኝ።

ከኔ በኋላ የገባው የባሌ ወንድም ነው፤ አናጢ ነው። ጎድኖቹን በሙሉ ያበጀው እሱ ሲሆን፣ ሞተሩ ሳይመጣ በፊት ተባሮ ነበር።

«ወንድምህን ትወደው ነበር?» አለችው።

«እየውልሽ» አለና የጎደለ ጣቱን አሳያት። «ለሱ ጀልባ ስቆርጥ ነው። ጣቴ መሬት ወድቃ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ጣውላውን ደም እንዳታስነካው።›»

«መሞቱን ስትሰማስ?»

«እራቴን ጨርሼ መጣሁ።»

«ሞተሩን ማስነሳት ትችላለህ?»

«አይቼውም አላውቅ። ከትናንት በፊት እዚህ ቤት ከገባሁ ስንት ጊዜዬ።»

እራፊውን ስትሰጠው ወዲያ ጣለው። «ይሄ በጨርቅ አይሆንም» ብሎ ከኪሱ ስንጥር እንጨት አውጥቶ በቢላ ላጠና በመዳፉ እየመታ አስገባው። እሱንም ነቀለችው።

ቅባት ደግሞ እየሳቀ ገባ፤ ሰው ቢሞትም ባይሞትም ይስቃል።

«ምሳው ላይ ምን ነበር?»

«ደስታ ነዋ፤ ጀልባው ማለቁን ስናከብር። ሰውዬው ያለ ልክ ጠጣ። እኔና ካፒቴን በብብቱ ይዘን ጀልባው ውስጥ አስተኛነው፤ እንደ ግንድ ነው የተኛው። ከዚያ እኔ ጋራዤ ሄድኩ፤ ብቻዬን ነበርኩ፤ ማን ይመስክርልኝ?»

«ከመተኛቱ በፊት ምን አለ?»

«ሐይቁ ላይ መሪውን ቅባት ይይዛል አለ። ካፒቴንን ‹አንቺ ዳር ቆመሽ ታጨበጭቢያለሽ። ሴት ነድታው ብትቆም መሳቂያ ነው የምንሆነው› አላት። ሁላችንም ሳቅን።»

«እሷስ?»

«ከሁላችንም በላይ የሳቀችው እሷ ናት።»

እራፊውን አፍሶ እንደ ኳስ ጠቅልሎ በአውራ ጣቱ ጠቀጠቀው። ግማሹ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ መስኮቱ ላይ የዘይት አሻራ ቀረ። ሲወጣ ሻይ ሊቀዳ ወደ ኩሽናዬ ሊገባ ሲል መለስኩት። ያን ጫማ ይዞ ኩሽናዬን ረግጦ አያውቅም።

የመጨረሻዋ ልጄ ነበረች።

«አባትሽ ምን ምን አስተማረሽ?»

«ከመጋዝ በቀር ሁሉንም። አጎቴን አይቼ መጋዝ አልይዝም።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ሐይቁ ጋ። ጀልባው የሚገባበትን ቦታ ሳይ ነበር። ብቻዬን።»

መርማሪዋ መሀረቧን አጣጠፈች። «እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር ታደርጋለች?»

ልጄ ኮሪደሩ ላይ መሆኔን ታውቃለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። «እናቴ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት» አለች።

መኪናዬን መርገጥ አቆምኩ። እራፊውን ስትቀበል በበሩ ስንጥቅ አየኋት። መዳፏ ላይ አድርጋ ጠመዘዘችው፤ ቀጭን ገመድ ሆነ። ከጠረጴዛው ላይ ማንኪያ አነሳችና በእጀታው ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያጠፈች፣ እያከታተለች አስገባችው። ሲያልቅ ጣቷን አስኬደችበት። ነፋሱ ቀጥ አለ። ይቺን መርማሪዋ አልነቀለቻትም።

ከሰዓት ሁላችንንም ጀልባው አጠገብ ሰበሰበችን። የባሌ ወንድም ጣውላውን እየነካካ፣ ቅባት ሞተሩን ተደግፎ፣ ልጄ በሩ አጠገብ። እኔ ማንም ሳይጋብዘኝ በርሜሉን ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

«የገደለው የሞተሩ ጭስ ነው፤ ግን ሟቹ በራሱ እጅ አልሞተም» አለች መርማሪዋ። «በሩ የተደፈነው ከውጭ ነው። ሞተሩን ያስነሳው ሰው ደግሞ አስቀድሞ በርሜሉን ሞልቷል። ተሸክመው ያስተኙት ሰካራም ጀሪካን አይሸከምም። እንግዲህ መግደል ብቻ ለፈለገ ሰው ውሃው ምን ያደርግለታል? ውሃውን የሞላው ደረቁን ቢነሳ እንደሚበላሽ የሚያውቅ ነው። አናጢው ሞተሩን አያውቀውም።»

«አላልኩሽም?» አለ የባሌ ወንድም።

«ውሃው የመጣው ከኩሽና ነው። የኩሽናው ወለል ላይ ተንበርክኬ አየሁ፤ አንዲት የዘይት ጠብታ የለም። ቅባት በገባበት ሁሉ እንደሚፈርም አይታችኋል።»

ቅባት ጫማውን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

«እንግዲያው ሁለት ሴቶች ቀሩ» አለች። «ኩሽናው የሁለቱም ነው፤ ጨርቁም ከሁለቱም እጅ ይገባል። ግን እትዬ በርሜሉን ቢሞሉ ኖሮ ውሃዬን ማን ጨረሰው ብለው እኔን አይጠይቁኝም ነበር። ውሃው ከየት እንደመጣ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ባይነግሩኝ ኩሽናውን ዞሬም አላየው።»

ይሄን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የመጨረሻዋን ሰው ያስያዝኩት እኔ መሆኔ ገባኝ።

«በመጨረሻም ይሄ አለ።» ያልተላቀቀውን ተከፋች አሳየችን። ጨርቁ በማጠፊያው በኩል ከላይ እስከ ታች ተጠምዝዞ፣ ጥቂት ጥቂት እየታጠፈ ገብቷል፤ አንድም ቦታ አልዘለለም። «ሰው በችኮላ በር ሲደፍን እንዲህ አይደፍንም። የጀልባውን መጋጠሚያ እዩት፤ ውሃ እንዳያስገባ የተጠቀጠቀው ጥጥም ልክ እንዲሁ ነው የገባው። ትናንት ሳየው የሟቹ እጅ ነው ልል ነበር። ዛሬ አራታችሁም መስኮቴን ደፈናችሁልኝ። አንዷ ቀምቅማ፣ አንዱ በእንጨት፣ አንዱ ኳስ አድርጎ።» ወደ ልጄ ዞረች። «አንቺ እጅሽ የለመደውን ሠራሽ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ውሃ ባትሞይም ጭሱ ይገድለው ነበር፣ ሞተሩም ራሱ ነክሶ ይቆም ነበር፤ እኔም አላገኝሽም ይሆናል። ለምን ሞላሽው?»

ልጄ ሞተሩን አየችው፤ ቅባት ሳያውቀው ክንዱን ከላዩ አነሳ።

«ሞተሩ ምን አደረገ?» አለች።

ተነስቼ አጠገቧ ሄድኩ። «በኔ ጨርቅ» አልኳት።

«ስንት ዓመት አቃጥለዋለሁ ስትይ አልነበር? ማንም አንቺ መሆንሽን እንደማይጠራጠር አውቅ ነበር። አንቺ ደግሞ ኮሪደር ብትቀመጪ ምን፣ እስር ቤት ብትቀመጪ ምን? እዚያም ስፌት አለ።» ፖሊሶቹ ይዘዋት ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አለች። «ዝናብ ሊመጣ ነው፤ በሩ አይገጥምም። ጀልባውን ሸራ አልብሽልኝ እማዬ። አደራ።»

ሐዘኑ ሲያልቅ ልጠይቃት ሄድኩ። በሽቦው ማዶ ቆመች። እንዴት ነሽ አላለችኝም።

«ሸራ አለበስሽው?»

«ጀልባ የለም» አልኳት።

«አጎቴ ነው ያፈረሰው?»

«አጎትሽን መጋዝ ይዞ እንዲመጣ ጠርቼው ነበር። ጎድኖቹን ሲያይ እንባ ያዘው፤ ጣቱን የበላውን እንጨት መቁረጥ አቃተው። እኔ ቆረጥኩት። ከአፍንጫው ጀምሬ እስከ ሞተሩ መስቀያ። ሞተሩን ለአሮጌ ብረት ሰብሳቢ ሰጠሁት። ከታች ያለው ያ ወፍራሙ እንጨት ነው የፈጀኝ። ይኸው።» የተላጠ መዳፌን ሽቦው ላይ ለጠፍኩላት።

ጎንበስ ብላ በደንብ አየችው።

«መጋዙን አያያዝሽ ልክ አልነበረም» አለች።

«ቆርጧል» አልኳት።