ለሰርግ የታሰበ ጠጉር

ጎበዜ የሞተው ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ገና በጠዋቱ ነው። ሻምበል ባሻ ዳኘው ከወረታ ፖሊስ ጣቢያ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ በበቅሎ አቋርጦ ሲደርስ፣ ሬሳው መደቡ ላይ እንደተዘረጋ ነበር፤ ራስጌው አጠገብ ጭላጭ የቀረባት ሽክና ተቀምጣለች። የመንደሩ ሰው ግን መርማሪ አልጠበቀም። ገዳይዋን አግኝቶ፣ ፈርዶባት፣ እጇን የኋሊት አስሮ ጨርሷል። የቀረው ቤቷን ማቃጠል ብቻ ነበር፤ ሸክላዋንማ ቀድሞ ሰባብሮታል።

ማንጠግቦሽ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቅጠልም ትበጥሳለች። ሰው ሲታመም በጓሮ በኩል ተደብቆ ወደ እሷ ይሄዳል፤ ሰው ሲሞት ግን በፊት ለፊት ይመጣባታል።

«ሰጥቼዋለሁ» አለች ባሻ ሲጠይቃት። «ግን የሚቀባ ቅቤ ነው እንጂ የሚጠጣ አይደለም። ጠጉር እንደማያበቅልም ነግሬዋለሁ። ‹ግድ የለም፣ ለሰርጌ ይወዛልኝ› አለኝ።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም አያልነህ የተናገረው ሌላ ነው። እሱንም መላጣ ጀምሮት እንደነበር፣ ማንጠግቦሽ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጥታው በዓመቱ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ እንደበቀለ፣ ጎበዜ ይህን ሰምቶ ስለጎመጀ ትናንት አያልነህ ራሱ ማንጠግቦሽ ዘንድ ሄዶ ያንኑ መድኃኒት በሽክና እንዳመጣለት አስረዳ።

«ለኔ ፈውስ የሆነው ለሱ መርዝ ሆነ። በምን አውቄ፣ ባሻ?»

በቀለ ያለውን ጠጉር አሳየኝ ማለት አይቻልም ነበር። ለሐዘን ተላጭቷል፤ ደንቡ ነው። ከዚያ በፊትም ዓመት ሙሉ ራሱን ከሻሽ አውጥቶ አያውቅም፤ የሰው ዓይን እንዳይበላው እሰጋለሁ ይል ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ቤቱ ገብቶ የሚያየው አልነበረም።

ባሻ የተላጨውን ራስ ትክ ብሎ አየው። ከጆሮዎቹ በላይና ማጅራቱ ላይ ምላጭ ቦጫጭሮታል፤ አናቱ ላይ ግን አንዲት ጭረት የለችም።

«ማን ላጨህ?»

«ራሴው።»

ባሻ ምላጩን ከሽክናዋ ጋር በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ብሎም አንድ ፖሊስ አያልነህ ቤት አስቀመጠ። ደግ ሰው ነው ተባለለት።

የጎበዜን እጮኛ ጥሩብርሃንንም ሴቶቹ አልማሯትም፤ መላጣ ማግባት አልፈለገችም እያሉ ያሟት ነበር። ባሻ ሲጠይቃት አልካደችም።

«አንድ ቀን ስቄበታለሁ» አለች። «ከዚያ ወዲህ ራሱን ሲሸፋፍን ሳይ እኔው አፍር ነበር። ተወው ብለው፣ ‹ወንድሜ ድኗል፤ እኔም ለሰርጋችን እደርሳለሁ› አለኝ።»

አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ርስቱን ሁሉ አያልነህ እንደሚያርሰው፣ ጎበዜም ሲያገባ ግማሹን ሊረከብ እንደነበር የነገረችው እሷው ናት።

የሟቹ እናት እሜቴ ወለተ ሚካኤል ማንጠግቦሽን ሲረግሙ ድምፃቸው ተዘግቷል። ባሻ ስለ ባላቸውና ስለ አባታቸው ራስ ሲጠይቃቸው ተቆጡ።

«ባሌ እስኪሞት ጎፈሬ ነበር። አባቴ ግን በሠላሳ ዓመቱ አናቱ ሜዳ ሆነ፤ የቀረለት ጎንና ጎኑ ነው። ምነው ባሻ፣ ልጄ ሞቶ የመላጣ ወሬ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅዎ ሞቶ ሲያገኙት ማን ቀድሞ ደረሰ?»

«ኡኡ ስል ጎረቤቱ ሁሉ ደረሰ። አያልነህም ከቤቱ ተላጭቶ መጣ።»

ባሻ ማንጠግቦሽን ወደ ጣቢያ ወሰዳት። በሰባቱ ማግስት ለፍርድ ወደ ደብረ ታቦር ልትላክ ነው፤ የአያልነህ ምስክርነት ከጸና የሚጠብቃት ስቅላት ነበር።

የሰባቱ ለት ባሻ ከነማንጠግቦሽ ተመልሶ ሐዘንተኛውን ሁሉ ደጅ ሰበሰበ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ እንደ እንቁላል የለሰለሰ አናት ወጣ። ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም።

«እዩኝ» አለ። «ቅቤም፣ ሬትም፣ የበግ ላትም ሞክሬበታለሁ። በመጨረሻ ጎንደር ያለ ሐኪም እውነቱን ነገረኝ። ይህን ቡዳም እርግማንም ሻሽም አያመጣውም። ከዘር ይወረሳል፤ ከአባት ብቻ ሳይሆን ከእናትም ወገን ይመጣል። አናቱን ወስዶ ጎንና ማጅራቱን ይተዋል። የሚመልሰው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።» ወደ አያልነህ ዞረ። «ሻሽህን አውልቅ።»

አያልነህ ሻሹን በሁለት እጁ ያዘው።

«አውልቀው ልጄ» አሉ እናቱ።

አወለቀው። ጎኑና ማጅራቱ ላይ የሰባት ቀን ጠጉር ጠቁሯል። አናቱ ላይ ምንም የለም።

«ድኖ ቢሆን አናቱም ይጠቁር ነበር» አለ ባሻ። «ምላጩን የወሰድኩበት፣ ፖሊሱንም ያስቀመጥኩበት እንደገና እንዳይላጭ ነው። ምላጩ አናቱን ያልቧጨረው የሚላጭ ስላልነበረው ነው። አስቡት እንግዲህ። ማንጠግቦሽ የሚጠጣ ትሰጣለች ያለን እሱ ብቻ ነው፤ ምስክሩም በቀለ ያለው ጠጉሩ ነበር። ጠጉሩ ውሸት ከሆነ ሽክናዋ ከእሷ ቤት አልመጣችም፤ ከሱ እጅ ነው የመጣችው። ውሸቱ እንዳይታይበት መላጨት ነበረበት፤ ግን ቸኮለ። እናቱ ኡኡ ሲሉ ተላጭቶ የደረሰ ሰው፣ ሞቱን ከልቅሶው በፊት ያውቀው ነበር።»

አያልነህ በእጁ የያዘውን ሻሽ መሬት ላይ ጣለው።

«ሰርጉ ባይኖር ምንም አልነካውም ነበር» አለ። «ግማሹን መሬት ሊወስድብኝ ነው።»

ፖሊሱ ይዞት ሄደ። ባሻ የማንጠግቦሽን እጅ ፈታ። ሸክላዋን የሰባበሩት ሰዎች ዓይኗን ላለማየት ወደ ሜዳው ዞሩ፤ ማፈር ይገባቸዋል። እሜቴ ወለተ ሚካኤል ግን ቀና ብለው አዩዋት።

«ሰባት ቀን ሙሉ አንቺን ረገምኩ» አሏት። «አሁን ማንን ልርገም?»

በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ከሐዘንተኛ ጋር አትቀመጥም። ማንጠግቦሽ ማንንም ሳታስፈቅድ ከእሜቴ ጎን ተቀመጠች።

«ይተዉት እሜቴ፤ ጎበዜን እናልቅሰው» አለች። «እኔም ታስሬ አላለቀስኩለትም።»