በሐዲዱ ላይ የጠቆረ ሞራ

ፊንሌይ ብሬክን ያገኙት ባልዲ ይዘው ሞራ ሊለቅሙ የገቡ ሴቶች ናቸው። አዲስ መርከብ ወደ ክላይድ ወንዝ በወረደች ቁጥር፣ እንድትንሸራተት ከተቀባው የእንጨት ሐዲድ ላይ የተረፈውን ሞራ ፍቆ መውሰድ የሰፈሩ ሴቶች መብት ነው፤ ማንም አይከለክላቸውም። የዚያን የሰኔ ቀን ግን አንድም ባልዲ ሳይሞላ ጩኸት ተሰማ። ፊንሌይ በግራው ሐዲድ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ቆቡ የለም፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል።

የአናጢዎቹ አለቃ ማልኮም ጊልሞር እየሮጠ ደረሰ። ሬሳውን ሲያይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ!»

መርከብ ከመውረዷ በፊት ከሆዷ ሥር ገብተው የድጋፍ ግንዶቹን በትልቅ መዶሻ እየመቱ የሚያወጡት አናጢዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሲገባ ቁጥሩ የተቀረጸባትን ክብ ናስ ከሰሌዳ ላይ ይወስዳል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። አለቃው ሰሌዳው መሙላቱን በዓይኑ ሳያይ ምልክት አይሰጥም። ጊልሞር በሃያ ሁለት ዓመት የአለቃነት ዘመኑ ይህን ያጎደለው አንድ ቀን ነው፤ እሱም ዛሬ። «አይላ» የተባለችው መርከብ ልትወርድ ስትል ሥራ አስኪያጁ ክሮፎርድ ከመድረኩ ላይ ነጭ ጓንቱን እያወዛወዘ፣ «የወንዙ ሙላት ሊጎድል ነው! እመቤቲቱም ለምረቃው መርከቧ ላይ የሚሰብሩትን ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል!» ብሎ ጮኸበት። ጊልሞር ጎንበስ ብሎ «ከሥር ሰው አለ?» ሲል ተጣራ። «የለም!» የሚል ድምፅ ሰማ። ሰሌዳው ወዳለበት ዞር ሳይል እጁን አነሣ።

አሁን ሠላሳ አንድ ቁጥር ናስ ከሟቹ ኪስ ውስጥ ወጥታ ጊልሞር መዳፍ ላይ ነበረች።

መርማሪው ኤቤኔዘር ቱሎክ ከከተማው ፖሊስ ሲመጣ ሬሳው ገና ከቦታው አልተነሣም ነበር። ቱሎክ ጠባብ ትከሻ ያለው፣ ባርኔጣው ለራሱ የሰፋው ሰው ነው። ማንንም ሳያናግር ሐዲዱ አጠገብ ተንበረከከ፤ ከሟቹ ጀርባ ሥር ያለውን ሞራ በጣቱ ፍቆ አሸተተ።

«አባቴ ሻማ ሠሪ ነበር» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ይሄ ሞራ ሁልጊዜ እንዲህ ጥቁር ነው?»

«ኧረ አይደለም፤ ስንቀባው እንደ ቅቤ ነጭ ነው» አለ ጊልሞር። «መርከቧ ስታልፍበት ነው ተቃጥሎ እንዲህ የሚጠቁረው።»

«እሺ። ሟቹን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ዓይኑን ከደንኩለት፤ ናሷንም ከሰደርያው የግራ ኪስ አወጣኋት።»

«ሌሎቹ ኪሶች ግን በሙሉ ተገልብጠዋል። ሌባ ፈትሾታል?»

«የለም፣ እሱ ልማዳችን ነው። ከመርከብ ሥር የሚገባ ሰው ኪሱን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚገባ። አንዲት ምስማር ሞራው ላይ ብትወድቅ ጣጣ ታመጣለች።»

«ታዲያ ናሷን የት ታደርጓታላችሁ?»

«በክር አንገት ላይ» አለ ጊልሞር። ልቡ ሌላ ቦታ ስለነበር የራሱን መልስ እንኳ አላስተዋለውም። የፊንሌይን ሚስት፣ ኢሶቤልን ነበር የሚያስበው። ማን ሄዶ ይንገራት?

ቱሎክ ከሬሳው አንድ እርምጃ ርቆ የወደቀውን መዶሻ አነሣ። እጀታው ላይ የፊንሌይ ምልክት ተቀርጿል። ብረቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ቀጥሎ የሟቹን ቁስል በመሐረቡ ጫፍ ነካ አድርጎ መሐረቡን አየ፤ አጣጥፎም ኪሱ ከተተው።

ምርመራው የተካሄደው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ክሮፎርድ ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ የመርከብ ወኪል ጽሕፈት ቤት የመጣ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ ሰው ነው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ባዶ እጁን ዘረጋ።

«አሳዛኝ አደጋ ነው። ግን አደጋ ነው። ጊልሞር ታማኝ ሠራተኛችን ስለሆነ ከሥራው አላሰናብተውም፤ ይኼን ከወዲሁ ልንገርዎት።»

«ደግ ነዎት» አለ ቱሎክና ወደ ምድጃው ተጠጋ። «በዚህ የሰኔ ሙቀት እሳት ታነዳላችሁ?»

«ቢሮው እርጥበት አለው።»

«ሞራም ይሸታል።»

«በዚህ ግቢ ሞራ የማይሸት የት ያገኛሉ?» ብሎ ሳቀ ክሮፎርድ። «እኔ ከመድረኩ የወረድኩት በቀጥታ ወደ ምሳው ግብዣ ነው። በዚህ ነገር አንዳች ጥፋት የለብኝም።»

ከዚያ የሰሌዳው ጠባቂ ሙንጎ ቴት ተጠራ። ሽማግሌው ቆቡን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ ገና ከበሩ ጀመረ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ጌታዬ።»

«ይቀመጡ እስኪ። እንዴት ገደሉት?»

«ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ስጠብቅ መርከብ ስትወርድ በጆሮዬ እሰማለሁ እንጂ አይቼ አላውቅም። ሰሌዳው ያለው ከግንቡ ጀርባ ነው። ዘንድሮ ጡረታዬ ነውና አንዲት ልይ ብዬ፣ ጠርሙሱ ሊሰበር ሲል ትቼው ሄድኩ። ናስ ይጉደል ይሙላ አላውቅም። ከዚያማ ወንዙ ዳር ቆሜ ቀረሁ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ታምር ነበር ደግሞ። እንደ ሙሽራ ነው የሄደችው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ቀጥሎ የገባው አናጢው ጆክ ላይል ነበር፤ ፊቱ የቀላ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው።

«ከፊንሌይ ጋር ጠበኞች ነበራችሁ ይባላል» አለው ቱሎክ።

«ሦስት ወር አልተነጋገርንም። መጠጥ ስለማይቀምስ ‹ውኃ ጠጪው› እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ‹በርሜሉ› ይለኛል።» ጆክ ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። «‹የለም› ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ እንኳ አላየሁም፤ መርከቧ እንደወረደች ቢራ ይከፈታል፣ ልቤ እዚያ ነበር። ስለዚህ ይሰሩኝ፤ ምን ይጠብቃሉ?»

«መርከቧ ከወረደች በኋላ ፊንሌይን ያየው አለ?»

«ማን ያየዋል? ግማሹ ወንዝ ዳር፣ ግማሹ ቢራው ጋ። እሱ ሌላ ጊዜ እኛ ስንጠጣ ሐዲዱ ላይ የወደቀ ሽብልቅ ይለቅም ነበር። ለሥራ ይሞታል።» ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ጆክ አንገቱን ደፋ።

መጨረሻ ላይ ጊልሞር ገባ።

«እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለ። «እንደዚያው ይጻፉት።»

ቱሎክ አልጻፈም። «ፊንሌይ ሰሞኑን የነገረዎት ነገር አለ?»

ጊልሞር የመስኮቱን መስታወት አየ። «የለም።»

ዋሸ። ትናንት ጠዋት ፊንሌይ ወደ መርከቧ የኋላ ክፍል ወስዶት ነበር። መሪዋ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ብረት ላይ ቀለሙን በጩቤ ሲፍቀው፣ ከሥሩ በሰምና በጥላሸት የተደፈነ ስንጥቅ ታየ። እጅ የሚያክል ነው። «ይቺ መርከብ ስምንት መቶ ሰው ጭና ካናዳ ልትሄድ ነው አለቃ» አለው ፊንሌይ። «ውቅያኖስ መሐል መሪዋ ቢረግፍስ?» ጊልሞርም «ለሚመለከተው እናገራለሁ፤ መርከቧ እስክትወርድ ድረስ አንተ አፍህን ያዝ» አለው። ተናገረም። አሁን ያንን ቢያወጣ ነገሩ ሁሉ ሊመዘዝ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ሊያቆይለት ቃል የገባው ሥራና ስም ይሄዳል። ቢደብቀው ደግሞ ስንጥቁ ውኃ ውስጥ ነው፤ ማንም አያየውም። ስምንት መቶው ሰው ግን ይሳፈራል።

በማግስቱ ጠዋት ቱሎክ ሁሉንም ባዶው መንሸራተቻ ላይ ሰበሰበ። ሙንጎና ጆክ ጎን ለጎን ቆሙ። ክሮፎርድ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ኢሶቤል ብሬክ ጥቁር ሻሏን ተከናንባ ከአንድ ፖሊስ አጠገብ ቆማለች፤ ጊልሞር ዓይኗን ማየት ተስኖት ከመሬት ሽብልቅ አንሥቶ በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«ትናንት እዚህ ግቢ ሦስት ሰዎች ‹ገዳዩ እኔ ነኝ› አሉኝ» አለ ቱሎክ። «ሦስታችሁም ተሳስታችኋል። መርከቧ ስትወርድ ፊንሌይ ብሬክ ከሥሯ አልነበረም።»

ሙንጎ ቴት አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይሄ ሐዲድ እስክትወርድ ድረስ መርከቧ የተቀመጠችበት ነው፤ ሰው ሊተኛበት አይችልም። ሬሳው ግን እላዩ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ከሥሩ ያለውም ሞራ እንደሌላው ተቃጥሎ ጠቁሯል። ስለዚህ የተጋደመው እሷ ካለፈች በኋላ ነው።»

«ሞቶ ቆይቶ ሰው አምጥቶ አጋድሞት ቢሆንስ?» አለ ጆክ።

«እኔም ያንኑ ጠይቄያለሁ። የገደለው የራሱ መዶሻ ነው። ብረቱ ላይ የተቃጠለ ሞራ አለ፤ ከቁስሉ ውስጥም የወጣው ያው የተቃጠለው ነው።» መሐረቡን ዘርግቶ የጠቆረውን እድፍ አሳየ። «ነጭ ሞራ በእድፉ ውስጥ የለም። በተመታበት ሰዓት መርከቧ ውኃ ላይ ነበረች። እናንተ ሰሌዳ ብትጠብቁም፣ ጎንበስ ብትሉም፣ ብትቆጥሩም ይሞት ነበር።»

ጊልሞር እግሩ ሲቀልለት ተሰማው። ወዲያውም በመቅለሉ አፈረ።

«ናሷስ?» አለ ሙንጎ። «ከኪሱ ነው የወጣችው እኮ!»

«እሷማ ናት የገዳዩ ስሕተት። ፊንሌይ ከመርከቧ ሥር ሲወጣ እንደ ደንቡ ሰቅሏታል። ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ከተተወው ሰሌዳ አንሥቶ ኪሱ ከተታት፤ ለዚያም የተገለበጠ ኪስ ወደ ውስጥ መለሰ። ጆክ፣ አንተ ብትሆን የት ታደርጋት ነበር?»

«አንገቱ ላይ ነዋ! የትኛው አናጢ ነው—» ጆክ ሳይጨርሰው ቀስ ብሎ ወደ ክሮፎርድ ዞረ።

«አናጢ አይደለም» አለ ቱሎክ። «ሙንጎም አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት አንገታቸው ላይ ሲያጠልቋት አይቷል። ሰሌዳውን የሚያውቅ፣ የሥራውን ልማድ ግን የማያውቅ ሰው ነው። ሚስተር ክሮፎርድ፣ መድረኩ ላይ ያደረጉት ነጭ ጓንት የት ገባ?»

«ወንዝ ውስጥ ወደቀብኝ።»

«ትናንት እርስዎ ከወጡ በኋላ የምድጃዎን አመድ አበጠርኩ።» ፖሊሱ ወረቀት ፈታ፤ ከሉል የተሠሩ ሁለት የጓንት ቁልፎችና ሳይቃጠል የቀረ የአውራ ጣቱ ቆዳ ነበሩበት። ቆዳው ላይ ያለው እድፍ የጠቆረ ሞራ ነው። «ከመድረኩ በቀጥታ ወደ ምሳው የሄደ ሰው ጓንቱን የተቃጠለ ሞራ ከየት ነካው?»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ክሮፎርድ፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል። «አንድ አናጢ ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው? ስሙን እንኳ በቅጡ አላውቅም!»

«እሱን እኔም አላውቅም» አለ ቱሎክ። «ከዚህ ከቆማችሁት አንዱ ግን ያውቃል። ትናንት ስጠይቀው መስኮት አየብኝ።»

ወንዙ ላይ «አይላ» በገመድ ታስራ፣ አዲሱ ቀለሟ እያበራ፣ ቀስ ብላ ትወዛወዛለች። ጊልሞር ሽብልቁን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ስሙን ያውቀዋል» አለ። «እኔ ነኝ የነገርኩት። ከትናንት በስቲያ፣ ቢሮው ገብቼ፣ ‹ፊንሌይ ብሬክ የተባለ አናጢ በኋላው ብረት ላይ የተደፈነ ስንጥቅ አግኝቷል› አልኩት። ‹ከወረደች በኋላ እናየዋለን፤ ሰውየውን ዝም አሰኘው› አለኝ። እኔ ቀድሞውኑ ዝም አሰኝቼው ነበር።»

ክሮፎርድ የሐዲዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ንጹሕ ሱሪው ሞራ እየነካው መሆኑን ልብ አላለም።

«አልታዘዝም አለኝ» አለ ማንንም ሳያይ። «ላባብለው ነበር የወረድኩት። የወደቀውን መዶሻ አንሥቼ ላቀብለው ስል፣ እንግዶቹ ሳይበተኑ እናገራለሁ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ብረቱ ቀልጦ ሲሠራ ጀምሮ የተበላሸ ነበር፤ ይደፈን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ቀልጦ እስኪሠራ ግማሽ ዓመት...» ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስነሣው።

ሌሎቹ ሲበታተኑ ኢሶቤል ባለችበት ቆማ ቀረች። ጊልሞር የአለቃነቱን ክብ ባርኔጣ አውልቆ ተጠጋት። ብዙ ነገር ሊል አስቦ ነበር።

«አንተ ጋ መጀመሪያ የመጣው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችው። «ያን ቀን ማታ እራቱን እየበላ ነገረኝ። ‹ለጊልሞር ነግሬዋለሁ፤ እሱ ካወቀ አለቀ› አለኝ። ከዚያ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።»

«ኢሶቤል...»

«ተወው። መርከቧ ከውኃ ወጥታ ብረቱ ተቆርጦ እስኪወድቅ ድረስ ቤቴ እንዳትመጣ። ቀብሩም ላይ አትምጣ።»

ሻሏን አጥብቃ ሄደች። ጊልሞር እስክትሰወር ጠበቀ። ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ በግቢው በር ወጥቶ፣ ዳገቱን ይዞ፣ ወደ መርከቧ ባለቤት ቤት አቀና።