የጋሽ አጥናፉ ቀኝ እጅ

ወዳጆቼ፣ ውዳሴ ቅዳሜ ጠዋት የአባቷን እጅ ልታስቀዳ ቃሊቲ ወዳለ ጋራዥ ይዛቸው ሄደች ስላችሁ አትደንግጡ። በዚያ ዘመን እጅ መቅዳት ጠላ ከመቅዳት የሚበልጥ ነገር አልነበረም። እጅ-ወራሽ የሚሉት ስስ ጓንት አለ፣ ለእግርም ካልሲ አለው። አዋቂው ለአንድ ሰዓት ያጠልቀዋል፤ እጁ የሚያውቀውን ሁሉ ጓንቱ ይማራል። ከዚያ ምንም የማያውቅ ሰው ሲያጠልቀው ልክ እንደ አዋቂው ይሠራል። ልብስ ሰፊውም፣ ሐኪሙም፣ በገና ደርዳሪውም ተቀድቷል። ተጎዳሁ ያለ ሰው አልነበረም።

አባቷ ጋሽ አጥናፉ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። መኪና ራሱን መንዳት ሳይጀምር፣ መሪ በእጃቸው ይዘው ሰው ከአዲስ አበባ ደሴ ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ በእጁ የሚነዳ ሾፌር አልተገኘም።

ጋራዡ ውስጥ የድሮ መኪና ማኅበር አባላት ስለ ነገው እሁድ ያወራሉ። ወሬያቸው ሁልጊዜ ስለ እሁድ ነው። እሁድ ሲደርስ ግን መኪኖቹን ይወለውላሉ፣ ገፍተው ያወጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ገፍተው ይመልሳሉ። መንዳት የሚችል የለማ! ሊቀ መንበሩ ኪሩቤል ግን ለነገ ሌላ ነገር አስቧል። ፔጆ አራት መቶ አራቱን በገዛ እጁ እየነዳ የጣርማ በርን ቁልቁለት ሊወርድ ነው።

"ስድስት ዓመት ስገፋው የኖርኩት መኪና ነገ እሱ ይሸከመኛል" አለ። "ውዳሴ፣ የአባትሽ እጅ ከሠራልኝ ጋቢና ከጎኔ ነሽ። አባልም ሆንሽ በይ።"

ውዳሴ ጓንቱን የምታሠራው ባለሙያ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ "መኪና የላትም" ብለው ደጅ ያስቀሯት ልጅ ናት። ፊቷ በራ።

ጋሽ አጥናፉ ጓንቱን አጥልቀው የተቀመጡበት ሰዓት ሞላ። ኪሩቤል የጋሽ አጥናፉን ጓንትና ካልሲ አጥልቆ ፔጆውን አስነሣ። ማርሹ ሲገባ ኮሽታ እንኳ አልተሰማም። ሶስና የምትባል፣ የቮልስ ባለቤት፣ እልል አለች። መኪናው አስፋልቱን ይዞ ሄደ፤ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ግን የኪሩቤል ቀኝ እጅ መሪውን ለቀቀ። ግንባሩ ላይ ወጣ፣ ደረቱ ላይ ወረደ፣ ወደ ትከሻው ዞረ። መኪናው የሰው አጥር ውስጥ ገባ።

"ጓንቱ ታሟል!" ብሎ እየጮኸ ተመለሰ።

ጋሽ አጥናፉ ሳቁ። "አልታመመም ልጄ። ተሳልሞ ነው። ሾፌር ቤተ ክርስቲያን ዝም ብሎ ያልፋል እንዴ? እኔ አርባ ዓመት በአንድ እጄ ይዤ በአንዱ አማትቤ አልፌያለሁ።"

"ጣርማ በር ላይ ከሆነ ገደል ነው የምሳለመው!" አለ ኪሩቤል። "ውዳሴ፣ ማማተቡን ቁረጪልኝ። እስከዚያ ጋሼ እስቲ ኩርባ ሲያዝ ያሳዩኝ።"

ጋሽ አጥናፉ መሪው ጋ ተቀመጡ። እጃቸው ማርሹን ፈለገ። ዳበሰ። በሩን ነካ፣ መስተዋቱን ነካ፣ ጭናቸው ላይ ወደቀ። "ዛሬስ ደክሞኛል መሰለኝ" አሉ፣ እያፈሩ።

ውዳሴ ሮጣ ጓንቱን የሚቀዳውን ማሽን መስተዋት አየች። "ምንጩ ባዶ ነው" ይላል። ኪሩቤልን ጎተተችው።

"ማሽኑ ተበላሽቷል። እየቀዳ አይደለም፣ እየወሰደ ነው። እስከ ማታ ድረስ ለአባዬ ልመልስለት እችላለሁ። አንተ ጋ ግን ምንም አይቀርም።"

"ለነገ አምስት መኪና ተወልውሎ ቆሟል። አባትሽ መኪና አላቸው?"

"የለውም።"

"ታዲያ መንዳት ምን ያደርግላቸዋል?"

"ማማተቡስ?"

"በግራቸው ያማትቡ።"

ሶስና ሳቀች፤ ይቅር ይበላትና። "እግዜር እንደ ትራፊክ ፖሊስ ግራና ቀኝ ይቆጥራል እንዴ?"

"ደግሞ እኮ ያንቺን ቦታ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል" አለ ኪሩቤል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጋቢናዋን የሚመኝ ብዙ ነው።"

ወዳጆቼ፣ ልጅ ወልዳችሁ አሳድጋችሁ ከሆነ ይህን ሳትሰሙ ብትቀሩ ይሻላችሁ ነበር። ማማተቡን ከመንዳቱ ለመነጠል ማሽኑ የባለቤቱን እጅ ይፈልጋል፤ ውዳሴ ወደ አባቷ ሄዳ ተንበረከከች።

"አባዬ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ እጅህን ስጠኝ። የሚስተካከል ነገር አለ።"

"ይመለስልኛል?"

"አዎ" አለች።

ሰጧት። ጓንቱ ውስጥ ጣታቸውን ሲያስገቡ እንኳ እንዳያስቸግሯት ብለው ዘርግተው ያዙላት። ማሽኑ ማማተቡን ለብቻው ነጥሎ አወጣውና ጠየቃት፦ ይመለስ ወይስ ይጣል?

"ጣዪው" አለ ኪሩቤል ከኋላዋ። "ጋቢናሽን አስቢ።"

ጣለችው።

እሁድ በማለዳ፣ ገና ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ጉዞ ተጀመረ። አራቱ መኪና በሎቤድ የጭነት መኪና ተጭኗል፤ ፔጆውን ኪሩቤል ይነዳል። ውዳሴ ጋቢና ናት። ጋሽ አጥናፉ ከሶስና ጋር ከኋላ ናቸው። ለፎቶ ነው የመጡት፣ "የመጨረሻው ሾፌር" የሚል ጽሑፍ ደረታቸው ላይ ለጥፈውላቸዋል።

የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን መጣ። የኪሩቤል እጅ መሪው ላይ ጸንቶ አለፈ። ሶስና አጨበጨበች። ውዳሴም አጨበጨበች፣ በኋላ ማሳያው መስተዋት አባቷን እስክታያቸው ድረስ።

ጋሽ አጥናፉ ቀኝ እጃቸውን አንሥተዋል። "በስመ አብ" ይላሉ። እጃቸው አየር ላይ ቆሟል። ወደ ግንባር አይወጣ፣ ወደ ደረት አይወርድ። እንደ ሰው ዕቃ አገላብጠው አዩት። በግራቸው ገፉት፣ ጆሯቸውን ነካ፣ ወደቀ።

ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን መጣ። እንደዚያው።

ጣርማ በር አፋፍ ሲደርሱ፣ ገደሉ አፉን ከፍቶ ሲታይ፣ "ውዳሴ" አሉ ቀስ ብለው። "ቃሉን አፌ ያውቀዋል። እጄ ነው እምቢ ያለኝ። እስቲ እጄን ይዘሽ አማትቢልኝ።"

ዞራ ያዘቻቸው። እጃቸው ሞቃት ነው። ይዛው ቀረች። ግንባር ነው መጀመሪያ ወይስ ደረት? ከዚያስ የትኛው ትከሻ? እሷ ከተወለደች ጀምሮ ራሱን በሚነዳ መኪና ተኝታ ነው ያደገችው፤ የትኛውንም ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ ነቅታ አታውቅም። ሶስናን አየቻት። ሶስና ወደ መስኮቱ ዞረች። ኪሩቤልን አየችው። "ኩርባ ነው፣ አታውሩኝ!" አለ።

ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች የሚያውቅ አልነበረም። የሚያውቀውን እሷ ቅዳሜ ጥላዋለች።

"ግድ የለም" አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጇ አውጥተው። "የሾፌሩን ሐሳብ አንበትን።"

ፔጆው እንደ ውኃ እየፈሰሰ ቁልቁለቱን ወረደ። እንደዚያ ያማረ አነዳድ በዚያ መንገድ ላይ ከታየ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር።

ለጋሽ አጥናፉ ጸልዩ አልላችሁም፤ እሳቸው የአርባ ዓመቱን አስቀድመው አድርሰዋል። ልጂቱን ግን፣ ክርስትና ስሟ ወለተ ሰንበት ነው፣ እባካችሁ ስታማትቡ አንድ ጊዜ አስቡልኝ።