የዘጠኝ ሰዓት ተኩሉ ለቅሶ

እነሆ፣ ማክሰኞ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሰው አገር፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ፎቅ ሦስተኛ ወለል ላይ፣ አቶ ፋኑኤል ሐብተማርያም ከሥራው ወደ ቤቱ ገባ።

ይህ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። ይገርማል እንጂ! ፋኑኤል ዌስትላንድስ በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ቢሮ ውስጥ የቪዲዮ ጌም ይሠራል። የሚሠራው ጌም ጀምበር ሳትጠልቅ ቤተሰብን እራት ላይ ስለ መሰብሰብ ነው፤ ለዚሁ ጌም ሲል ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነጋ ወጥቶ፣ ሰፈሩ ከተኛ በኋላ ይመለሳል። «ሁለት ሳምንት ብቻ ቀረን» ይላል አለቃው፤ ሁለቱ ሳምንት ግን አላልቅ አለ። በዚህ መሃል ጨጓራው ቆሰለ። አባቱ አዲስ አበባ ሲያርፉ ቀብራቸውን በስልክ አየ፤ እሱንም ድምፁን አጥፍቶ፣ ስብሰባ ላይ ስለነበር። ወይ ፋኑኤል! ይህ ሁሉ ለማን ነው? ለሰባት ዓመቷ ልጁ ለአቢግያ ነዋ! አቢግያ ግን አባቷን መጠበቅ ትታ ነበር... ሰኞ ዕለት በስልክ «ባባ፣ ነገ የትምህርት ቤቱ ቫን ሲያወርደኝ በር ላይ ትቀበለኛለህ? አንዴ ብቻ። ካልቻልክ ግን ችግር የለም፣ ለምጄዋለሁ» አለችው።

ይህች «ለምጄዋለሁ» ገደለችው! በማግስቱ ፈቃድ ጠየቀ። «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን» አለው አለቃው፣ «ቤተሰቡን ጥሎ የሄደ ነገ እንዳይመለስ።» ፋኑኤል ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ወጣ።

ሚስቱ ዘመናይ በሩን ስትከፍት ባሏን በፀሐይ ብርሃን አየችው። ሰው በዚህ ሰዓት ሥራ ጥሎ የሚመጣው ለምንድን ነው? ለመርዶ ነዋ! «ማን ሞተብኝ?» ብላ ፎቁን በጩኸት አናጋችውና ራሷን ስታ ወደቀች።

የፎቁ የአገር ሰው ሁሉ እየተጠራራ ገባ። ሴቶቹ ዘመናይን መኝታ ቤት አስገብተው «ወንድ እንዳይገባ!» አሉ፤ ፋኑኤልም ከወንዶቹ ጋር ሳሎን ቀረ። «ማን ነው የሞተው?» እያለ ሁሉም እርስ በርሱ ይጠያየቃል።

«እዚህ አገር ከባሏ ሌላ ማን አላት? ፋኑኤል ነው እንጂ!» አሉ የምድር ቤቱ ጋሽ ኑሬ። ነገሩ በዚሁ ጸደቀ።

«ኧረ እኔ...» አለ ፋኑኤል።

«ወንድሙ ነህ? ቁርጥ እሱን! አይዞህ የኔ ልጅ። በል ወንበር አቀብል።»

ፋኑኤል ለገዛ ለቅሶው ወንበር ማቀበል ጀመረ።

«ማለዳ ማለዳ ደረጃው ላይ ሳንሳሳቅ ተለያይተን አናውቅም» አሉ ጋሽ ኑሬ እንባቸውን እየጠረጉ።

«እኔንስ!» አሉ ኢስሊ ገበያ የሚነግዱት እትዬ ኩለሱም። «ጆንያዬን እስከ በሬ ይሸከምልኝ አልነበር? እንደ ወለድኩት!»

ፋኑኤል ሁለቱንም ሲያያቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። «አልሞትኩም» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ሟቹ እንዴት ያለ ሰው ነው! ጎረቤቱን የሚያውቅ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚስቅ፣ የሰው ሸክም የሚያግዝ... ቀናበት። ከዚያም የዚያ ሰው አለመኖር ከልቡ አንገበገበውና፣ ወንበር እንዳቀፈ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

«አይ ወንድም!» አሉ ለቀስተኞቹ። «እንዲህ ነው የእናት ልጅ!»

አይ ዕጣ ፈንታ! ስንቱን ሥራው ላይ አስቀምጣ በቁሙ ትቀብረዋለች? ስንቱስ እንደ ፋኑኤል ለቅሶው ላይ ይደርሳል?

ከታች የቫኑ ጥሩምባ ተሰማ። ፋኑኤል ወንበሩን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ።

«ኧረ ልጅቷ! በእኔ ይሁንባችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯት!» አሉ እትዬ ኩለሱም ደረታቸውን ይዘው።

አቢግያ የወለሉን ቁጥር እየቆጠረች ደረጃውን ወጣች። ሦስተኛው ላይ ቀና ስትል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ባባ! ባባ መጥተሃል!» አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም ከመሬት ብድግ አድርጎ ወደ ላይ አነሳት፤ ሳቋ እስከ ምድር ቤት ተሰማ። ዘመናይም ሳቁን ሰምታ ከመኝታ ቤት በባዶ እግሯ ወጣች፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈቻቸው።

ሳሎን ያሉት ለቀስተኞች «ባባ» የተባለውን ሰው አፍጥጠው አዩት።

ጋሽ ኑሬ ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሱ። ኮፍያቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ለፋኑኤል ዘረጉ።

«ኑሬ እባላለሁ» አሉት።