የሸሹት እጆች

በጨረቃ ላይ ባለው ጣቢያ ሆስፒታል፣ ግድግዳው እንደ ወትሮው ሁለት እጆች ዘረጋ። ዳባሽ ይባላሉ፤ የታማሚን ጡንቻ እያዳመጡ የሚያሹ የጎማ እጆች ናቸው። የእትዬ ተዋበችን ጀርባ ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ግን እንደ ደነገጠ ሰው ወደ ግድግዳው ሸሹ።

እጆቹን የሠራው ኢንጂነር መርዕድ አፉን አጣመመ። «ምን ዓይነት ገላ ነው? እንቁላል ነው እንዴ?» አለ፣ ሴትዮዋ እንደማይሰሙ ሁሉ።

«ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል» አለች የአካል ሕክምና ባለሙያዋ ሰናይት። «ነርቫቸው ግን አደጋው ያለፈ አልመስለው ብሎ ይጮኻል። አንሶላ እንኳ ያማቸዋል።»

«ቁስል ከሌለ ምን ያማል? መሞላቀቅ ነው!»

እትዬ ተዋበች ዕድሜያቸውን የጣቢያውን ጣሪያ ሲበይዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ነገ ወደ ምድር የምትወርደው መንኮራኩር የወንበር ቀበቶ ያልቻለ ሰው አትጭንም፤ ቀጣይዋ የምትመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ምድር ላይ አልጋ የያዘችው ታናሽ እህታቸው ደግሞ ዓመት የምትቆይ አልነበረችም።

መርዕድ የራሱን ክንድ አቀረበ። እጆቹ አሹለት። «ይኸው! መሣሪያዬ ጤነኛ ነው» ብሎ ወጣ።

ኮሪደሩ አጋማሽ ላይ መፍቻውን መርሳቱ ትዝ ብሎት ተመለሰ። በበሩ መስታወት በኩል ያየውን ማመን አቃተው። እጆቹ ሴትዮዋ ጀርባ ላይ ናቸው! ሰናይት የእትዬ ተዋበችን መዳፍ በአንደኛው የጎማ እጅ ላይ አስቀምጣ፣ «እርስዎ ይምሩት፤ በቃ ሲሉት ያቆማል» ትላለች። እሳቸው ይስቃሉ።

በሩን ከፈተ።

«ኖር!» አሉ እትዬ ተዋበች። ክርናቸውን ተደግፈው ሊነሡ ሲታገሉ አንገታቸው እንደ ሽቦ ተወጠረ። እጆቹ ሸሹ።

ወጣ፤ ተመለሱ። ገባ፤ ሸሹ።

አለቃ ሲገባ መነሣት የጣቢያው ነባር ሠራተኞች ልማድ ነው። መርዕድ ግን አንድም ቀን «በእግዚአብሔር፣ አይነሡ» ብሎ አያውቅም። የታመመች ሴት ስትነሣለት ደስ የሚለው፣ ይህ ነበር የጣቢያው ሊቅ።

«እያመመዎት ለምን ይነሣሉ?»

«ብተኛማ ተሞላቀቀች ይሉኛል፣ ጌታዬ። ጆሮዬ እንኳ ደህና ነው።»

ሰናይት ሳቋን ዋጠች።

«በእግዚአብሔር፣ አይነሡ» አለ ፊቱ በርበሬ መስሎ። እትዬ ተዋበች «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተኙ፤ እጆቹ ግን አልቀረቡም። አንደበታቸው ይቅር ብሎታል፤ ጡንቻቸው አላመነውም።

መርዕድ እጆቹን እንዳይሸሹ ማዘዝ ይችል ነበር። ጣቱ ማዘዣው ላይ ደርሶ ቆመ። ያልተፈቀደለትን ገላ እንዳይነካ ጎማውን ያስተማረው እሱ ነው፤ ለራሱ ግን ይህችን ታህል ትምህርት አልሰጠም። በሩን ዘግቶ ወጣ፤ ወደዚያ ክፍልም አልተመለሰም።

በማግስቱ እትዬ ተዋበች በተሽከርካሪ ወንበር ወደ መንኮራኩሯ ሲወሰዱ ቀበቶው ደረታቸው ላይ ታስሮ ነበር፤ ከሥሩ የገዛ መዳፋቸውን አግብተዋል። መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ኮሪደሩ ላይ የነበረው መርዕድ ድምፃቸውን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትንፋሹንም ያዘ።

አላዩትም። እያንጎራጎሩ አለፉ።

ጣቢያው ላይ መኖር ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ስላልተነሣለት እግዚአብሔርን አመሰገነ።