ፀሐይ ያላየው ሰማያዊ

እንደ ጥንቷ እንድትታደስ ጋራዥ የገባችው ሰማያዊ መኪና የግራ በሯ ተሰርቋል። በቦታው በዋናው አምሳል የተሠራ አዲስ በር ተገጥሞላታል። ጋራዡ ውስጥ ልዩነቱን ያየ አልነበረም። ባለመኪናዋ ጡረተኛ አስተማሪ ተረክባ ደጅ ስታወጣት ግን በሩ ብቻ ወደ አረንጓዴ አደላ።

ባለጋራዡ ጣቱን ለመቀሰር ጊዜ አልፈጀበትም። ቀለም ቀቢው ነው አለ። ሃያ ዓመት አብሮት የሠራውን ሰው፣ ጉድ እኮ ነው። ዋናውን ሸጦ፣ በዚህኛው ሸፍኖ፣ ፈቃድ ወጥቷል አለ።

አስተማሪዋ ለፖሊስ አመለከተች፤ ጉዳዩን ለያዘችው መርማሪ ግን የባለጋራዡ ቃል አልተዋጠላትም። መጀመሪያ የጠረጠረችው የጋራዡን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር፤ መለዋወጫ የሚያመጣው እሱ ነው። እሱ ግን ሚስቱ ወልዳ በሩ የተቀየረበትን ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ከርሟል። ነርሶቹም መሰከሩለት። ቀረ ቀለም ቀቢው።

ተጠርቶ መጣ። ከተፈረደበት ሥራውም ስሙም ገደል መግባቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረዋል? በሩን ሲያይ ግን ፍርሃቱን ረስቶ ተናደደ።

«ይሄን እኔ አልቀባሁትም።»

«በምን ልመንዎ?»

«ቀለም የሚፈረድበት ፀሐይ ላይ ነው። ቁራጭ ቆርቆሮ እቀባና ደጅ አውጥቼ ከመኪናው ጎን አቆመዋለሁ። ጠዋት አያለሁ፣ ቀትር ላይ አያለሁ። ይሄ በመብራት ብቻ የተመሳሰለ ነው። መብራት ይሸነግላል፣ ልጄ።»

ሠራተኞቹን ብትጠይቅ ሳቁ። ቆርቆሮውን ይዞ ግቢውን ሲዞር ስለሚውል ስሙን ትተው «ፀሐዩ» ነው የሚሉት።

ታዲያ ቀለሙን ደጅ ማውጣት የፈራ ማነው? ከሰው ዐይን የሚሸሸግ። በግቢው መስኮት የሌለው ክፍል ከኋላ ያለው መጋዘን ብቻ ነው፤ ቁልፉም ከባለጋራዡ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። አስከፈተችው። ወለሉ ላይ ያው ሰማያዊ ተንጠባጥቧል።

ከዚያ ባለጋራዡንና ቀለም ቀቢውን ይዛ ባለጋራዡ ቤት ሄደች። ሸራ ለብሳ የቆመች ተመሳሳይ መኪና ነበረችው። የተሰረቀው በር ተገጥሞላታል።

አልካደም። የራሱን መኪና በር ዝገት ስለበላበት ፋብሪካው የሠራውን ዋናውን በር ፍለጋ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንደባከነ፣ እጁ ሲገባለት መመለስ እንዳቃተው ተናገረ። ቀለም ቀቢውን ግን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«ፈቃድ ያስወጣሁህ ዐይንህን ፈርቼ ነው» አለው። «ነገሩ ሲወጣ ደግሞ ደንግጬ ባንተ ላይ ላከክሁት።»

ቀለም ቀቢው አንገቱን ነቀነቀ።

«ብትነግረኝ ኖሮ፣ ላንተ መኪና አዲሱን በር ከዋናው የማይለይ አድርጌ እቀባልህ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ነው ያየኸኝ?»